ከወገዳ እስከ ቲያንጂን



ዛሬ ስለ አንድ ጉዞ እናወጋችኋለን። ጉዞው የተነሣው ከስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ነው። ያበቃው ቻይና አገር፣ ቲያንጂን በሚባል ከተማ ነው። እኛ ራሳችን የሄድነው እስከ አዲስ አበባ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረችን የእኅታችን ልጅ ናት። ተጓዥዋም እሷው ናት። እኛ አጎቶችዋ ነን።

ጊዜው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነበር። ልጅቱ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ተምራ ተመርቃለች። ከዚያም ቲያንጂን ወደሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ላከች። ተቀበሏት። መጀመሪያ አንድ ዓመት የቻይንኛ ቋንቋ ትማራለች። ቋንቋውን ካወቀች በኋላ በዚያው ቋንቋ ስለ ውኃ ሥራ ትማራለች። የትምህርቱን ክፍያ ዩኒቨርሲቲው ችሎላታል። ቤቱና ቀለቡ ግን በራሷ ነው።

"ለምን ውኃ?" ትሉ ይሆናል። የስማዳ ሰው ይህን አይጠይቅም። አገራችን ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ ነው። ከግርጌው በሽሎና አባይ ይሄዳሉ። የሚሄዱት ግን ከገደል ሥር ነው። ዝናብ ሲጠፋ ገበሬው ከአፋፍ ቆሞ ወንዙን ቁልቁል ያያል። ማሳው ግን ይደርቃል። ልጅቱ በልጅነቷ ጀሪካን አዝላ ዳገት ወጥታለች። እንግዲህ ውኃን መማር የፈለገችው ለዚህ ነው።

ተማሪና ጎጆ

በእኛ አገር ተማሪ ከቤቱ ርቆ መማሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የሚባል ደብር አለ። የታወቀ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ማስመስከሪያ ማለት ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ተፈትኖ መምህር የሚሆንበት ቦታ ነው። እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባም አለ። እሱ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት ቤት ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ተማሪ በእግሩ ወደዚህ ይመጣ ነበር።

የቆሎ ተማሪ ከደብሩ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? የኔታን እጅ ይነሣል። ቀጥሎ ማደሪያ ይፈልጋል። ከአገሩ ቀድሞ የመጣ ተማሪ ካለ ያስጠጋዋል። ከሌለ እንጨት ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ፣ ትንሽ ጎጆ ይቀልሳል። ድጓው የሚመጣው ከጎጆው በኋላ ነው። ጎጆ የሌለው ተማሪ ክረምት ሲገባ ከትምህርቱ ይፈታል።

የአሁኑም ተማሪ ከዚህ አይርቅም። ከገጠር ቀበሌ ወገዳ መጥቶ የሚማር ልጅ ቤት ይከራያል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ሽሮውን፣ በርበሬውንና ድርቆሹን ከእናቱ ቤት ያመጣል። አከራይዋ "መብራት አታምሹ፣ እንግዳ አታምጡ" ትላለች። ልጆቹ "እሺ እትዬ" ይላሉ።

የእኅታችንም ልጅ እንደዚሁ ነበረች። ከሁለት ጓደኞችዋ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። አንድ ቀን አከራይዋ "ሌላ ተከራይ መጥቷል፣ ልቀቁ" አሏቸው። ፈተና ሊደርስ አምስት ቀን ቀርቶታል። ሦስቱ ልጆች ወረቀት አልነበራቸውም። ውላቸው በቃል ብቻ ነበር። ዕቃቸውን ተሸክመው ወጡ። ያን ሳምንት በየዘመድ ቤቱ እየዞሩ አደሩ። ልጅቱ ይህን አልረሳችም።

የቻይና መንገድ

ከወገዳ የተነሣነው በሌሊት ነው። አራት ነበርን፤ ልጅቱ፣ እናቷና እኛ ሁለታችን። እኅታችን ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ሽሮ ቋጥራለች። ልጅቱ "እማዬ፣ አውሮፕላን ላይ ይህ ሁሉ ይከብዳል" ትላለች። እናትየው "የሚከብደው ሲጠፋ ነው" ትላለች። ሜዳው በጭጋግ ተሸፍኗል። መኪናው በጭቃው ላይ እያንቀራፈፈ ከወገዳ ወጣ።

ከብዙ ሰዓት በኋላ ዋናውን መንገድ ያዝነው። ይህ መንገድ ከወረታ ይነሣል። በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ ይደርሳል። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስተኋላ አስፋልት ለብሷል። ሽማግሌዎቻችን ግን እስከ ዛሬ "የቻይና መንገድ" ይሉታል። ስሙ በከንቱ አልወጣለትም።

ኢትዮጵያና ቻይና የዲፕሎማሲ ግንኙነት የጀመሩት ኅዳር 15 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቻይናን ጎበኙ። ከማኦ ዜዱንግ ጋርም ተገናኙ። በ1965 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሻንጋይ መብረር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የቻይና መሐንዲሶች ወደ እኛ አገር መጡ። ከአገራችን ሠራተኞች ጋር ሆነው ይህን መንገድ በጉና ተራራ ሥር አወጡት። ጉና ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

መኪናው ውስጥ ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። በልጅነታቸው ለመንገዱ ድንጋይ ፈልጠዋል። ልጅቱ ቻይና እንደምትሄድ ሲሰሙ ሳቁ።

"እኛና ቻይኖቹ በጣት ነበር የምንነጋገረው" አሉ። "አምጣ ሲሉ እንዲህ፣ ተው ሲሉ እንዲህ። አንድ ቀን ድማሚት ሊፈነዳ ሲል ቻይናው ይጮሃል። እኛ የሚጠራን መስሎን ወደሱ እንሮጣለን። እሱ ለካ ሽሹ ማለቱ ነው! እግዜር አወጣን። ቋንቋ አለማወቅ ያስገድላል፣ ልጄ።"

ትንሽ ዝም አሉና ደግሞ ጠየቁ።

"እነሱ ሲመጡ ማደሪያ ድንኳናቸውን ይዘው መጡ። አንቺስ የት ልታድሪ ነው?"

ልጅቱ መልስ አልነበራትም። እኛም አልነበረንም። የጉዟችን ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነበር።

ደብረ ታቦር ምሳ በላን። ባሕር ዳር አደርን። በማግሥቱ ጎጃምን አቋርጠን ወደ አባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ እኅታችን በመስኮት አየች። ውኃው ደፍርሶ ቀይ ሆኗል። "ይኸ እኮ የኛ አፈር ነው" አለች። እውነቷን ነው። የበሽሎ ውኃ ከአባይ ገብቶ በዚያ ያልፋል።

አዲስ አበባ፣ ወረቀቱ

አዲስ አበባ ከአንድ ዘመዳችን ቤት አረፍን። የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ በፖስታ ተልኮ እዚያ ይጠብቀን ነበር። ፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አንደኛው የመግቢያ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ጄ ደብልዩ 202 የሚባል ቅጽ ነው። ያለ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች የቻይና ኤምባሲ ለልጅቱ የተማሪ ቪዛ አይሰጥም ነበር። ቪዛ ማለት የመግቢያ ፈቃድ ነው። ከስድስት ወር በላይ የሚማር ሰው የሚያገኘው ቪዛ "ኤክስ 1" ይባላል። ለአጭር ጊዜ የሚማር ደግሞ "ኤክስ 2" ያገኛል።

በማግሥቱ ወደ አንድ ደላላ ቢሮ ሄድን። ልጅቱ ከወር በፊት በስልክ አግኝታዋለች። "መመዝገቢያ" ብሎ 3,000 ብር ተቀብሏታል። ደረሰኝ ግን አልሰጣትም።

ደላላው ከረባት ያሠረ፣ አንደበቱ የቀና ሰው ነው። "የዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ሞልቷል" አለን። "ቤት ካልያዛችሁላት ልጅቱ ሜዳ ላይ ማደሯ ነው። እኔ እዚያ ሰው አለኝ። 40,000 ብር ክፈሉና ቤት አስይዝላታለሁ።"

የሽማግሌው ጥያቄ ትዝ አለን። የት ልታድር ነው? ልባችን ራደ። ገንዘቡን ይዘን ነበር። ሁለት በሬና ጥቂት ጤፍ ተሸጦ የተገኘ ነው። እጃችንን ወደ ኪሳችን ሰደድን።

እኅታችን "ቆዩ እስቲ" አለች። "ወረቀቱን ወዲህ በለው።"

አንባቢ ሆይ፣ ስለ እኅታችን አንድ ነገር እንንገርህ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀመረ። እሷ የገባችው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጅ ሳለች ነው። ከዋርካ ሥር ተቀምጣ ነበር የተማረችው። ከዚያ በላይ ትምህርት ቤት አልገባችም። ማንበቡን ግን አልተወችም። ዛሬም የምታነበው ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ነው።

ያን ቀንም ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አኖረች። ቀስ እያለች ለቀመችው። ደላላው ሰዓቱን አየ። "ማዘር፣ ለወጉ ያህል ነው፤ ፈርሙበት" አለ። እሷ ቀና አላለችም።

"'ቤት ለማግኘት ጥረት ይደረጋል' ይላል" አለች። "ጥረት ይደረጋል ማለት ቤት ይሰጣል ማለት ነው?"

"ያው ነው፣ ማዘር።"

"ያው ከሆነማ 'ይሰጣል' ብለህ ጻፈው።"

ሰውየው ሳቀ። አልጻፈም። እኅታችን ጣቷን ወደ ታች አወረደች።

"ከዚህ ደግሞ 'የተከፈለው ገንዘብ በማናቸውም ምክንያት አይመለስም' ይላል። ጥረትህ ባይሳካ በሬዎቼ አይመለሱም ማለት ነዋ።"

ወረቀቱን መለሰችለት። ተነሣች። እኛም ተነሣን። እኛ ከእሷ ይልቅ ብዙ ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጠናል። ነገር ግን የሰውየውን አፍ ስናይ ወረቀቱን አላየንም ነበር። አፈርን። 3,000ው ብር እንደ ቀለጠ ቀረ።

ያን ዕለት ማታ ልጅቱ ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ጻፈች። የውጭ ተማሪዎችን የሚቀበለው ክፍል አድራሻ በደብዳቤው ላይ ነበር። "ማደሪያ አለ ወይ? በወር ስንት ነው? መቼ ይከፈላል?" ብላ ጠየቀች። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። አልሞላም። ለሁለት ሰው በምትሆን ክፍል አንድ አልጋ አለ። ዋጋው በወር 600 ዩዋን ነው። ዩዋን የቻይና ገንዘብ ነው። ስትደርስ የአምስት ወር ትከፍላለች።

እስቲ አብረን እናስላ። 600 በ5 ሲባዛ 3,000 ዩዋን ነው። በዚያ ዓመት 1 ዩዋን 4 ብር ያህል ነበር። 3,000 በ4 ሲባዛ 12,000 ብር ይሆናል። ደላላው የጠየቀን 40,000 ነበር። ለዚያውም ለጥረቱ!

ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ

ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ልጅቱ ጥቂት ቻይንኛ መለማመድ ጀመረች። አዲስ አበባ ውስጥ ቻይንኛ የሚማሩበት ቦታ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በቴክኒክና ሙያ ኢንስቲትዩት ኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት የሚባል የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተቋቁሟል። ቀድሞ ኢትዮጵያውያን ቋንቋውን የሚማሩት እዚያው ቻይና ሄደው ነበር። ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። ቻይንኛም ይናገራሉ።

ልጅቱ ማታ ማታ "ማ፣ ማ፣ ማ፣ ማ" ትላለች። ዘመዶቻችን ፍየል ገባ ወይ እያሉ ሳቁ። ነገሩ ግን ቁም ነገር ነው። በቻይንኛ ድምፅ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል። "ማ" ከፍ ብሎ ቀጥ ሲል እናት ነው። ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ቃጫ የሚሆን ተክል ነው። ወርዶ ሲነሣ ፈረስ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወድቅ መሳደብ ነው። አጥርቶ ያልተማረ ሰው እናቱን ፈረስ ሊላት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይምሰለን። በአማርኛም "ገና" ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ሲላላ "ገና አልመጣም" እንደምንለው ነው። "ዋና" ሲጠብቅ ትልቁ ማለት ነው። ሲላላ ውኃ ላይ የምንዋኘው ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለየው ጆሮ ነው።

ጽሕፈቱ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ ፊደል ከቆጠርን ማንኛውንም ቃል መጻፍ እንችላለን። ቻይናዎች ግን እንደኛ ፊደል የላቸውም። የሚጽፉት በልዩ ልዩ ምልክቶች ነው። የቋንቋው ፈተና ኤች ኤስ ኬ ይባላል። በዚያ ጊዜ 6 ደረጃ ነበረው። በስተኋላ 9 ደረጃ ያለው አዲስ መለኪያ ወጥቷል። ዩኒቨርሲቲው ከልጅቱ የጠየቀው 4ኛውን ደረጃ ነው። ለዚያ በዚያ ጊዜ 1,200 ያህል ቃል ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ይህን በአንድ ዓመት መጨረስ አለባት።

ቲያንጂን

በነሐሴ መጨረሻ ሸኘናት። አውሮፕላኑ ቤይጂንግ አወረዳት። ከቤይጂንግ ቲያንጂን በፈጣኑ ባቡር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን እሷ እንደ ነገረችን እንጽፋለን።

ቲያንጂን ባሕር አጠገብ ያለች እጅግ ትልቅ ከተማ ናት። ወንዝ በመካከልዋ ያልፋል። ልጅቱ የደረሰችው ሲመሽ ነው። ከሷ ቀድማ የሄደች አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪ ከባቡር ጣቢያው ተቀበለቻት። አይተዋወቁም። በስልክ ብቻ ነው የተነጋገሩት። "የቆሎ ተማሪን የቀደመ ተማሪ ያስጠጋዋል" ያልነው ትዝ ይላችኋል? ቻይናም ሥርዓቱ ይኸው ሆነ።

ወዲያው ወደ ማደሪያው ሄዱ። ተማሪዎች "ዶርም" ይሉታል። በቻይንኛ "ሱሸ" ነው። ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ ሁለት ጠረጴዛና አንድ መታጠቢያ አላት። የክፍል ጓደኛዋ ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣች ልጅ ናት። ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በሩ ይዘጋል። ልጅቱ ስትነግረን "እንደ ወገዳዋ አከራያችን ናቸው" ብላ ሳቀች። አሁን ግን የከፈለችበት ደረሰኝ እጇ ላይ አለ። ማንም ተነሥቶ "ልቀቂ" አይላትም።

በቻይና ሕግ የውጭ አገር ሰው በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያድርበትን ቤት ማስመዝገብ አለበት። ሆቴል ወይም የትምህርት ቤት ማደሪያ ያደረ እንደ ሆነ እነሱ በምዝገባው ይረዱታል። የግል ቤት ያደረ ግን በአካባቢው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ደግሞም "ኤክስ 1" ቪዛ የያዘ ተማሪ በገባ በ30 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃል። ያን ሲጠይቅ ቤቱ የተመዘገበበትን ወረቀት ያሳያል። እንግዲህ ቤት ለመተኛት ብቻ አይደለም። ቤት የሌለው ሰው ወረቀትም የለው።

ትምህርቱ ከጠዋቱ በ2 ሰዓት ይጀምራል። እስከ ቀትር ይቆያል። ማንበብ፣ መስማት፣ መናገርና መጻፍ ለየብቻ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ምልክቶቹን ደጋግማ ትጽፋለች። በመጀመሪያው ወር አልቅሳለች። ገበያ ሄዳ ጨው ስትጠይቅ ሌላ ነገር ሰጥተዋታል። ኅዳር ሲገባ ብርዱ መጣ። "የጉና ብርድ ልጅ ነው" አለችን በስልክ። እናቷ "ሽሮሽ አለቀ ወይ?" ብላ ጠየቀቻት። አላለቀም ነበር። የሚከብደው ሲጠፋ ነው መባሉ ያን ጊዜ ገባት።

አንድ አስይዝ፣ ሦስት ክፈል

በየካቲት 2011 ዓ.ም. ልጅቱና አንዲት ጓደኛዋ ከግቢ ውጭ ቤት ሊይዙ አሰቡ። ምግብ እንደ ልብ ለማብሰል ፈለጉ። ዋጋውም የረከሰ መሰላቸው። ባለ ሁለት ክፍል ቤት በወር 1,000 ዩዋን አገኙ። ለሁለት ሲካፈሉት 500 ነው። ዶርሙ ግን 600 ነው።

ወደ ቤት አከራዩ ሄዱ። እሱም "ያ ኢ፣ ፉ ሳን" አላቸው። "አንድ አስይዝ፣ ሦስት ክፈል" ማለት ነው። በቻይና ብዙ ቤት የሚከራየው በዚህ ዓይነት ነው። ተከራዩ የአንድ ወር ኪራይ መያዣ ያስቀምጣል። የሦስት ወር ደግሞ አስቀድሞ ይከፍላል። መያዣው ቤቱን በደኅና ሲለቅ ይመለስለታል። ለደላላም የተለየ ክፍያ አለ።

ልጅቱ ወረቀት አውጥታ አሰላች። የአራት ወር ኪራይ 4,000 ዩዋን ነው። ለደላላ 500 ተጠየቁ። ሲገቡ 4,500 ዩዋን ያስፈልጋል። ዶርሙ ውስጥ መብራት፣ ውኃና የክረምት ማሞቂያ በኪራዩ ውስጥ ነበር። ውጭ ግን ለየብቻው ይከፈላል። ሲደመር ከ600 በለጠ። የረከሰ የመሰለው ተወደደ።

ውሉንም አነበበች። ያን ጊዜ ጥቂት ምልክት ማወቅ ጀምራለች። የማታውቀውን እየጻፈች ለመምህርቷ አሳየች። ጣቷን ከምልክቱ ሥር እያስኬደች ነበር ያነበበችው። "እንደ እማዬ" አለችን። በመጨረሻ አከራዩን አንድ ነገር ጠየቀችው። "ከኛ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ታስመዘግበናለህ?" እሱም "አልሄድም፣ ሳትመዘገቡ ተቀመጡ" አላት። እሷም "እንግዲያው ይቅርብን" አለች። ሳይመዘገብ የተቀመጠ ተማሪ ቅጣት አለበት። የመኖሪያ ፈቃዱም ሊበላሽበት ይችላል። ጓደኛዋ ለጊዜው ተቀየመቻት። ቆይታ ግን አመሰገነቻት።

በዶርሙ ቀሩ። በሰኔ ልጅቱ የ4ኛውን ደረጃ ፈተና አለፈች። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የውኃ ትምህርቷን ጀመረች።

በዚያው ዓመት የኮሮና በሽታ መጣ። ቻይና ከመጋቢት 19 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለውጭ አገር ሰው በሯን ዘጋች። ለዕረፍት ወደ አገራቸው የሄዱ ተማሪዎች መመለስ አቃታቸው። ብዙዎቹ እስከ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድረስ በኮምፒዩተርና በስልክ ተማሩ። ልጅቱ ለዕረፍት አልመጣችም ነበር። ገንዘቡን ቆጥባ እዚያው ቀርታለች። ለብዙ ጊዜ ከግቢው አልወጣችም። ምግብ እስከ በሩ ይመጣላት ነበር። "ጎጆዬ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር?" ትላለች ዛሬ።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ዲግሪዋን ይዛ አገሯ ገባች። አሁን በውኃ ሥራ ላይ ናት። ወገዳ መጥታ እናቷን ስትጠይቅ እኛም ነበርን። ያመጣችላት ስጦታ አንድ ሻይ ማፍያና የማንበቢያ መነጽር ነው። እኅታችን መነጽሩን አደረገችና ጋዜጣ ጠየቀች። ጣቷን ግን አሁንም ከፊደሉ ሥር አላነሣችም።

ልብ በሉ

ለትምህርት ከቤታችሁ የምትወጡ፣ ልጃችሁንም የምትልኩ፣ ይህን ያዙ። ወገዳም ሆነ ደብረ ታቦር፣ ቲያንጂንም ሆነ ቤይጂንግ፣ ጥያቄው አንድ ነው።

1. ከደላላ በፊት ትምህርት ቤቱን ራሱን ጠይቁ። የመግቢያ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ይምጣ።

2. ደብዳቤው ምን ምን እንደሚችል አንብቡ። የትምህርት ክፍያን ብቻ ነው? ቤትንም ይጨምራል? የቻይና መንግሥት ሙሉ ነፃ ትምህርት ቤትንና የወር ገንዘብን ይጨምራል። ከፊል የሆነው ግን ሁሉን አይሸፍንም።

3. ኪራዩን ብቻ አትዩ። መያዣውን፣ ቅድሚያ ክፍያውን፣ መብራቱን፣ ውኃውንና ማሞቂያውን ደምሩ።

4. አከራዩ ሊያስመዘግባችሁ ፈቃደኛ መሆኑን ሳትከፍሉ ጠይቁ።

5. ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ።

6. ቀድሞ የሄደ የአገር ልጅ ፈልጉ። እናንተም ቀድማችሁ ከሄዳችሁ ለሚከተለው ተቀባይ ሁኑ።

7. ደንብ በየዓመቱ ይለወጣል። ከመነሣታችሁ በፊት የዓመቱን ደንብ ከኤምባሲው ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ሰው ቢያስቸኩላችሁም ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቀስ ብሎ ማንበብ አያሳፍርም። እኅታችን ቀስ ብላ አንብባ የሁለት በሬ ዋጋ አዳነች።

እስቲ መልሱ

"ጥረት ይደረጋል" እና "ይሰጣል" ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ኪራዩ በወር 800 ዩዋን ቢሆንና "አንድ አስይዝ፣ ሦስት ክፈል" ብትባሉ ስትገቡ ስንት ትከፍላላችሁ?

በእናንተ አካባቢ ተማሪዎች ቤት ሲከራዩ ውል ይጽፋሉ? ካልጻፉ ለምን? ከጎረቤታችሁ ጋር ተነጋገሩበት።